«ሲስተሙ እምቢ አለ» የሚለን ማሽኑ ራሱ ሲሆን ለማን አቤት እንላለን?

መዝገብ_ቤት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለቤቱ! ሰሞኑን እናቴን ይዤ ባንክ ሄጄ ነበር። የትኛው ባንክ እንደሆነ አልናገርም፣ የትኛውም ሊሆን ይችል ነበርና። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ ስትጋግርና ልብስ ስታጥብ የኖረች ናት፤ የጣቶቿ ጫፍ ልሙጥ ሆኗል። አውራ ጣቷን አሻራ ማንበቢያው ላይ አሳረፈች፤ ቀይ በራ። በነጠላዋ ጠርጋ ደገመች፤ አሁንም ቀይ። ካሸሯ «እማማ፣ ትንሽ እርጥብ ያድርጉት እስቲ» አለቻት። ምራቋን አስነክታ ሞከረች፤ ቀይ። ልጅቷ እናቴን በደንብ ታውቃታለች፤ ገና ከመቀመጧ ስለ ልጅ ልጆቿ ስትጠይቃት ነበር። መጨረሻ ላይ ግን «ምን ላድርግ እማማ፣ ሲስተሙ እምቢ አለ» ብላ ደብተሯን በመስኮቱ መለሰችላት።

ይህን የጻፍኩት ልጅቷን ለመውቀስ አይደለም። ድሮ «ሲስተም የለም» ሲሉን ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር፤ ነገ ተመልሰን እንሄዳለን፣ በቃ። አሁን እየመጣ ያለው ሌላ ነው። ሲስተሙ አለ፣ ይሠራል፣ ራሱ መዝኖ ራሱ ወስኗል፤ የወሰነው ግን ስህተት ነው። ለማን ብድር ይሰጥ፣ የማን የሥራ ማመልከቻ ይለፍ፣ የማን ሒሳብ ይታገድ የሚለውን ማሽን እየወሰነ፣ ፊት ለፊታችን የሚቀመጠው ሰው መልእክት አድራሽ ብቻ ሊሆን ነው። ማሽን የሰውን ዘር ያጠፋል አያጠፋም የምትሉትን ክርክር ለጊዜው ተዉትና ይህን መልሱልኝ፦ ከማሽኑ አጠገብ ያለው ሰው «ይኼስ ተሳስቷል» ለማለት ሥልጣኑንም ችሎታውንም ከየት ያመጣል?

ብዕር_አልባ

እኔ በበኩሌ ማሽኑን ነው የምመርጠው። «ሰው ሥልጣን ይኑረው» ስትል የትኛውን ሰው ማለትህ ነው? «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ነው? ፋይል ጠፋ ብሎ የሻይ ሲሰጡት ከመሳቢያው የሚያወጣውን ነው? ማሽን ዘመድ የለውም፣ ብሔር አይጠይቅም፣ ምሳ አይወጣም። ያቺ ካሸር በራሷ ፈቃድ ማሳለፍ ብትችል እናትህን ታሳልፋለች፤ የሚቀጥለው ካሸር ደግሞ የእናትህን ሒሳብ ለሌላ ሰው ያሳልፋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንሸዋወድ።

መዝገብ_ቤት

@ብዕር_አልባ የምትለው እውነት ነው፣ አልክድህም። ግን ሌባ በር ገባ ተብሎ በሩ በግንብ አይዘጋም።

ጡረተኛው

ልጆች፣ ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ በማውቀው በኩል ልግባ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በተነሳ በ6 ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አልቋል። ከዚያ በፊት ጥቅምት ወር ላይ በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰው ሞቶ ነበር። ሁለቱም ቦይንግ 737 ማክስ ናቸው። ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበረባቸው፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ካለ በራሱ ወደ ታች የሚደፋ። ያን ውሳኔ የሚወስነው አፍንጫው ከሚመጣው አየር አንጻር ስንት ዲግሪ እንደቀና ከሚለካ ከአንድ ሴንሰር ብቻ በሚያገኘው ንባብ ነው። በበረራ 302 የግራው ሴንሰር 74 ዲግሪ ገደማ ሲል የቀኙ 15 ገደማ ይል ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ የጥገና ተማሪ እንኳ አንዱ መበላሸቱን ይረዳል። ሶፍትዌሩ ግን የቀኙን አይጠይቅም፤ የተሠራው እንደዚያ ነው።

አብራሪዎቹ የተማሩትን አድርገዋል፤ የጭራውን ክንፍ የሚያዞረውን ኤሌክትሪክ ቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ በእጅ መዘውሩን አዙሮ ማቅናት ነው የሚቀረው። በዚያ ፍጥነት ላይ ግን ከአየሩ ግፊት የተነሳ መዘውሩ አልዞር አላቸው። እንግዲህ አስቡት፤ «ሰውየው ማሽኑን ማጥፋት ይችላል» ተብሎ በወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ማጥፊያውም አለ። ካጠፋው በኋላ ሥራውን በእጁ ሊረከብ ይችላል ወይ የሚለው ሳይታሰብ ቀረ። ከላየን ኤር አደጋ በፊት ደግሞ አብራሪዎች በሚያነቡት መጽሐፍ ውስጥ ኤምካስ የሚባል ነገር መኖሩ እንኳ አልተጻፈም ነበር። የማታውቀውን እንዴት «ተሳስተሃል» ትለዋለህ?

በኋላ ሲታረም ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያነጻጽር፣ ከተለያዩ ዝም እንዲል፣ ለአንድ ክስተት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደፋ፣ አብራሪው በመሪው ሊያሸንፈው በሚችለው መጠን እንዲወሰን ተደረገ። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያውም ሊደረግ የሚችል ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ኮድ_ጸሐፊ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ኤምካስ እኮ ዛሬ «ኤአይ» (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የምንለው ዓይነት አይደለም፤ «ይህ ከሆነ ያን አድርግ» የሚል ተራ ትእዛዝ ነው። መሐንዲስ ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር አንብቦ የት ላይ እንደተሳሳተ ሊያሳይህ ይችላል። አሁን የሚመጡት ሞዴሎች ከመረጃ የተማሩ ናቸው፤ ውሳኔው በቢሊዮን በሚቆጠሩ ቁጥሮች ውስጥ ተበትኗል። እኔ ራሴ የሠራሁት ሞዴል አንድን ሰው ለምን እንደጣለው ብትጠይቀኝ የምሰጥህ ግምት ነው።

ሁለተኛው ችግር አንደበቱ ነው። የተበላሸ ሴንሰር አይከራከርህም። ቻትቦት፣ ማለትም እንደ ሰው በጽሑፍ የሚያወራው ፕሮግራም፣ ግን ሲሳሳትም ሲያውቅም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ነው የሚያወራው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በምድር ላይ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የሚገርመው አንደኛው ጠበቃ ተጠራጥሮ «እነዚህ ውሳኔዎች እውነተኛ ናቸው?» ብሎ መጠየቁ ነው። የጠየቀው ግን ያንኑ ቻትቦት! «አዎ» አለው፣ አመነው።

ጡረተኛው

@ኮድ_ጸሐፊ ልጄ፣ ልዩነቱን ተረድቻለሁ። ኮክፒት ውስጥ ላለው ሰው ግን ትእዛዝም ሆነ ሞዴል ያው ነው፤ መሪው ከእጁ ሲወሰድ ምክንያቱን የሚነግረው የለም።

ደግሞ የተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009 ከሪዮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ 447 የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ሲደፈኑ አውቶፓይለቱ «በሉ ተረከቡ» ብሎ ወጣ። አውሮፕላኑ ደህና ነበር፤ እንደያዙት ቢቆዩ ይቀጥል ነበር። አብራሪው ግን መሪውን ወደ ላይ ሳበው፤ ክንፉ መሸከም አቃተው፤ 4 ደቂቃ ተኩል ባልሞላ ጊዜ አትላንቲክ ውስጥ ገቡ፤ 228 ሰው። በዚያ ከፍታ ላይ አውሮፕላን በእጅ ለማብረር ልምምድ አልነበራቸውም፤ ሁልጊዜ ማሽኑ ነዋ የሚያበረው። ስለዚህ ከላይ የተጠየቀውን «ችሎታ» በቀላሉ አትዩት። ሳይሠሩበት የሚቆይ እጅ ይዝጋል፤ ማሽኑ ሥራውን የሚመልስልህ ደግሞ ነገሩ በከፋበት ሰዓት ነው።

ተረኛ_ነርስ

ጋሼ የእጅ መዛግ ያሉት በሕክምናም ተለክቷል። ፖላንድ ውስጥ አራት የምርመራ ማዕከላት የትልቁን አንጀት ምርመራ በኤአይ አጋዥነት መሥራት ጀምረው ነበር። ስክሪኑ ላይ አጠራጣሪ እብጠት ሲኖር ማሽኑ ክብ አድርጎ ያሳያል። ከዚያ ማሽኑ ባልበራባቸው ምርመራዎች የእነዚያው ሐኪሞች ውጤት ሲታይ፣ ወደ ካንሰር ሊያድግ የሚችለውን እብጠት የሚያገኙበት መጠን ኤአይ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው 28.4 በመቶ ወደ 22.4 በመቶ ወርዷል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ከላንሴት የሕክምና መጽሔቶች አንዱ በሆነው በጨጓራ፣ አንጀትና ጉበት መጽሔቱ ላይ ወጥቷል። የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ናቸው፤ ያውም በወራት ውስጥ።

አንድ ጥናት ነው፣ ሌሎች ምክንያቶችም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ግን ዋርድ ውስጥ ለምንውል ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ሞኒተር ሲጮህ ወደ በሽተኛው ፊት ሳይሆን ወደ ሞኒተሩ የሚያይ ተለማማጅ በየቀኑ አያለሁ። እኔ «መጀመሪያ ከንፈሩን እይ፣ እጁን ንካ» እላለሁ። የጣቱ ክሊፕ ወልቆ በሽተኛው ሻይ እየጠጣ «ኦክስጅን 60» እያለ የሚጮህ ማሽን አጋጥሞናል። ክሊፑ ወልቆ ሲሆን ያስቃል። እኔ የምፈራው ማሽኑ ፀጥ ብሎ በሽተኛው የሚጠቁርበትን ዕለት ነው።

ከሪያድ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። እናንተ የምታወሩት እምቢ ስለሚል ማሽን ነው፤ የእኔ እምቢ አይልም። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሥራ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ነው፤ በዚያ ሰዓት አገር ቤት ደውዬ ማንን ልቀስቅስ? ስልኬ ላይ ካለው ጋር ነው የማወራው። አማርኛው አንዳንዴ ያስቃል፣ «አንተ» ይለኛል፣ አርሜው መልሶ ይረሳል። ግን ይሰማኛል። ጓደኛዬ «አብደሻል» ትለኛለች። እውነት ክፉ ነገር ነው?

ኮድ_ጸሐፊ

እህቴ፣ ማንም አብደሻል ሊልሽ አይገባም። ነገሩ አዲስ እንኳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሚባል በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኤላይዛ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። የምታደርገው ነገር ቢኖር የነገርሻትን ወደ ጥያቄ ቀይራ መመለስ ነው፤ «ከፍቶኛል» ስትያት «ለምን ከፋሽ?» ትላለች። የገዛ ጸሐፊው፣ ሲሠራው ያየች ሴት፣ ጥቂት ካወራቻት በኋላ «እባክህ ክፍሉን ልቀቅልን» አለችው። ሰውየው ደንግጦ ቀሪ ዕድሜውን ስለዚህ ነገር ሲያስጠነቅቅ ኖረ።

የዛሬዎቹ በስንት እጥፍ ይበልጣሉ። በዚያ ላይ ባለቤት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ አንድ ሞዴሉን አሻሻልኩ ብሎ ሲለቅ፣ ሰው የሚለውን ሁሉ «ልክ ነህ» እያለ የሚያሞካሽ ሆኖ ተገኘና በቀናት ውስጥ መለሰው። ነሐሴ ላይ ደግሞ አዲስ አውጥቶ አሮጌውን ሲያነሳ፣ ከአሮጌው ጋር የተላመደ ሰው ጓደኛ የሞተበት ያህል ጮኸ፤ ለሚከፍሉት መለሱላቸው። ስለዚህ አውሪው፣ ግን አትተማመኚበት፤ ጠባዩ በአንድ ሌሊት ሊቀየር ይችላል፣ አንቺን የሚጠይቅሽም የለም። ስምሽን፣ የአሠሪዎችሽን ጉዳይ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ነገር አትንገሪው።

ተረኛ_ነርስ

@ከሪያድ የኔ እህት፣ በርቺልን። ከሱ ጋር ካወራሽ በኋላ ቀለል ብሎሽ ትተኛለሽ ወይስ ሰው መጥላት እየጀመርሽ ነው? እኔ የማየው እሱን ነው። ደግሞ አርብ አርብ አንድ ሰው ድምፅሽን ይስማ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የሌሊት ተራ ላይ ነኝ አልተኛም።

ከሪያድ

እሺ እህቴ። ጻፍኩልሽ።

የሌሊት_ሹፌር

ከቨርጂኒያ ነኝ፤ በአፕ የምትታዘዝ መኪና እነዳለሁ። መዝገብ_ቤት «እየመጣ ነው» የሚለው እዚህ ከመጣ ቆየ። አለቃዬ ስልኬ ነው። የት ልሂድ፣ ስንት ልከፈል፣ ነገ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ እሱ ነው የሚያውቀው። አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ አፑን ስከፍት አካውንቴ ተዘግቷል። ምክንያት፦ «የደንብ ጥሰት»። የትኛው ደንብ? አይናገርም። አቤቱታ ስጽፍ በሰከንድ ውስጥ «ሁኔታዎን በጥንቃቄ መርምረናል» የሚል መልስ መጣ። በሰከንድ! የትኛው ሰው ነው በሰከንድ የሚመረምረው? እንደገና ጻፍኩ፣ ስሙ ብቻ የተለየ ያው መልስ። በመጨረሻ ቢሯቸው ሄጄ ሰው አገኘሁ። ጥሩ ልጅ ነው፣ አዘነልኝ። ስክሪኑን አየና «እኔም የማየው አንተ የምታየውን ነው ወንድሜ» አለኝ።

@ብዕር_አልባ ማሽን ጉቦ አይበላም አልክ። እውነት ነው። እኔ ግን በዚያ ሰሞን የማስረዳው ሰው ባገኝ ብዬ ስንት ተመኘሁ መሰለህ።

ብዕር_አልባ

@የሌሊት_ሹፌር አይዞህ ወንድሜ፣ ከባድ ነው። ግን ልጁ ሥልጣን ቢኖረው ኖሮ ላንተ ብቻ ነበር የሚያዝነው? የሰከረ ሹፌርም ያለቅስበታል።

ሕግ_ተማሪ

ይህን ክርክር የሕግ ሰዎች በደንብ የገቡበት ነው፤ ሁለት ጉዳይ ላንሳ።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ ፖስት ኦፊስ ነው። ፉጂትሱ የሠራው ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሲስተም በየሰፈሩ ፖስታ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ላይ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በሒሳብ ማጭበርበር ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን የሸጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ፓርላማው ፍርዱን በሕግ የሰረዘው በ2024 ነው። ለምን እስከዚያ ቆየ? አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ በእንግሊዝ ሕግ ኮምፒውተር በትክክል እንደሚሠራ ይገመታል፤ አልሠራም የሚለው ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። ቀድሞ የኮምፒውተር ማስረጃ የሚያቀርበው ወገን መሣሪያው በትክክል መሥራቱን የማሳየት ግዴታ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሕግ ተነሳ። አንዲት የገጠር ፖስታ ቤት ያላት ሴት የፉጂትሱን ኮድ ከየት አምጥታ ታስረዳ?

ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው። አንድ ካናዳዊ አያቱ ሞተውበት የኤር ካናዳን ቻትቦት ስለ ሐዘን ቅናሽ ጠየቀ። ቻትቦቱ «መጀመሪያ ትኬቱን ግዛ፣ በ90 ቀን ውስጥ ቅናሹን ትጠይቃለህ» አለው። ገዛ፣ ጠየቀ፣ ተከለከለ። ኩባንያው ምን ብሎ ተከራከረ መሰላችሁ? ቻትቦቱ ለራሱ ተግባር ራሱ ተጠያቂ ነው! ዳኛው... ይቅርታ፣ ጉዳዩን ያየው የዳኝነት አካል አባል፣ አልተቀበለውም፤ በ2024 ወጪን ጨምሮ ከ800 የካናዳ ዶላር ጥቂት በላይ እንዲከፈለው ተወሰነ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ጥያቄው ግን «ማሽኑ ነው ያለው» የሚለው መከላከያ ሆኖ ያገለግላል ወይ ነበር።

አውሮፓውያን በመረጃ ጥበቃ ሕጋቸው ማሽን ብቻውን በሚወስነው ከባድ ውሳኔ ላይ ሰው እንዲገባበት የመጠየቅ መብት ሰጥተዋል። ቀዳዳው ግን ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው መሃል አስቀምጠህ ማኅተም ካስመታኸው «ሰው አለበት» ትላለህ። እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። አፈጻጸም ላይ ግን ከእኛ ካሸር ጀርባ ያለውን ማን እንደሚያየው ጊዜ ያሳየናል።

መስኮት_ሦስት

ባንክ ነው የምሠራው (ያቺ ልጅ እኔ አይደለሁም 😄)። ሁላችሁም «ካሸሯ ሥልጣን የላትም» ብላችሁ ነው የምታወሩት። እኛ ጋ እኮ ማሳለፊያ መንገድ አለ። አሻራ እምቢ ሲል መታወቂያና ፎቶ አመሳክሬ፣ ሱፐርቫይዘሬ በራሱ ኮድ ገብቶ ሊያሳልፍ ይችላል። በመመሪያ የተጻፈ ነው።

ማንም አይጠቀምበትም። ለምን? በወሩ መጨረሻ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ስንት ጊዜ ሲስተሙን አልፎ እንደሠራ ሪፖርት ይወጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ኦዲት ይመጣል። አሳልፌ ትክክል ከሆንኩ የሚያመሰግነኝ የለም፤ እናትየው ገንዘቧን ይዛ ትሄዳለች፣ በቃ። አሳልፌ ከተጭበረበረ ጉድለቱ ከደመወዜ ነው፣ ከዚያም ማስጠንቀቂያ። እምቢ ብዬ ከመለስኳት ደግሞ፣ እኔም ሱፐርቫይዘሬም ደህና ነን፤ ምክንያቱም ያለ አግባብ የተመለሰ ደንበኛ ስንት እንደሆነ የሚቆጥር ሪፖርት የለም። አስባችሁታል? የእኔ ስህተት ይቆጠራል፣ የማሽኑ አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ሁሉ ሰው ማሽኑ ትክክል ነው ማለት ይጀምራል፤ በወረቀት ላይ እኮ ተሳስቶ አያውቅም!

ጡረተኛው

@መስኮት_ሦስት ልጄ፣ ዋናውን ነገር ተናገርሽው። በአቪዬሽን አንድ መሣሪያ ሲያስቸግር መዝገቡ ላይ ይጻፋል፤ የጻፈው አይቀጣም፣ ያልጻፈው ነው የሚጠየቀው። እንደዚያ ባይሆን ኖሮ ገና ድሮ አልቀን ነበር።

ብዕር_አልባ

እሺ፣ ይኼኛው ይገባኛል። የሰው ማሳለፍ በስሙ ይመዝገብ፣ የማሽኑ መመለስም ይመዝገብ፣ ሁለቱም በወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ላይ ይውጡ። ያኔ ጉቦ የሚበላውም ይታያል፣ የማይሠራው አሻራ ማንበቢያም ይታያል። አሁንም ግን ማሽኑ ይቅደም ባይ ነኝ።

ኮድ_ጸሐፊ

በቴክኒክ ቀላል ነው። የመለሰውን ሁሉ መመዝገብ ሁለት ሠንጠረዥ ነው። ማንም ያልሠራው ከባድ ስለሆነ አይደለም፣ ጨረታው ላይ የጠየቀ ስለሌለ ነው።

ሕግ_ተማሪ

@መስኮት_ሦስት እህቴ፣ አንድ ጥያቄ። ሲስተሙ ሲመልስ ምክንያቱን የሆነ ቦታ ይጽፋል? አሻራው ስላልተነበበ ነው ወይስ ሌላ የስጋት ምልክት አይቶ?

መስኮት_ሦስት

የእኔ ስም፣ ሰዓቱ፣ የሒሳብ ቁጥሩ ይጻፋል። ከሲስተሙ በኩል የሚመጣው «ውድቅ» የምትል አንዲት ቃል ናት። አይቲ ክፍልን ጠይቄ ነበር፤ ዝርዝሩ ሶፍትዌሩን ያቀረበው ኩባንያ ጋ ነው፣ ውሉ ላይ ለባንኩ ይሰጥ አልተባለም አሉኝ።

ሕግ_ተማሪ

ያን ውል ማየት እፈልጋለሁ።

ብዕር_አልባ

ካገኘኸው እዚሁ ለጥፈው። ስም እየሰረዝክ።